2,147,483,647ን የሚያካፍል ለምን ጠፋ?

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም ማክሰኞ ይውላል፤ ጥምቀት ነው። በዚያ ማለዳ ልክ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ድሬዳዋ ላይ ሌሊቱን ከታቦቱ ጋር ያደረው ሕዝብ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሳይነሳ፣ እስከዚያ ቀን ሳይታደስ የቆየ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ራውተር ወይም የካሜራ መቅጃ ካለ ሰዓቱ ይዞርበታል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ቀኑን ብትጠይቁት ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም፣ ዓርብ ሌሊት ነው ይላችኋል። ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ደቻቱ ዳር እስኪደርስ ገና አንድ ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ቁጥር ነው፤ 2,147,483,647። ብዙ ማሽኖች ቀንና ሰዓት የሚያውቁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። የድሮዎቹ ለዚህ ቆጠራ የመደቡት ቦታ 32 ቢት ነበር፤ አንድ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል። ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ለመለየት ይውላል፣ ለቁጥሩ 31 ይቀራሉ። ሠላሳ አንዱም 1 ሲሆኑ ከዚያ በላይ መቁጠሪያ የለም። ይህ ጣሪያ ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንቀንስ የምናገኘው ነው፤ ባጭሩ 2³¹ − 1 ተብሎ ይጻፋል።

ዛሬ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተን የምንገዛቸው አዳዲስ ስልኮች በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ ችግሩ አይነካቸውም። ይሁንና ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቀኑን በእጃችሁ ለማስተካከል ብትሞክሩ ከ2037 መጨረሻ ወዲያ እንቢ ይላል፤ የድሮው ልማድ አልለቀቀውም። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ ኮሪያዊ ዘፋኝ ቪዲዮ የታየበት ብዛት ይህን ጣሪያ ሲያልፍ ቆጣሪውን ማስፋት ግድ ሆኖበታል።

ይህን ያህሉን ኮምፒውተር የነካካ ሁሉ ሰምቶታል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ግን አለ። 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ደርድራ የምትሸጥ ሴት 30 ፍሬ ቢኖራት በአምስት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ ወይም በሦስት ረድፍ አሥር አሥር አድርጋ እኩል ትደረድራለች። 31 ሲሆኑባት ግን በምንም ረድፍ ብትሞክር የሚተርፍ ወይም የሚጎድል አይጠፋም፤ ያላት ምርጫ አንድ ረጅም መስመር ነው። ሁለት ቢሊዮን ከመቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ከምናምኑም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ 31ን ራሳችን ሞክረን እናምናለን። የሁለት ቢሊዮኑን ማን ደርድሮ አየው?

ያየው ሰው፣ አየው ማለት ከተቻለ፣ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። የስዊዝ ተወላጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኑሮው ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ቀኝ ዓይኑ ቀድሞ ጠፍቶ በግራው ሲሠራ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1771 የግራውን ሞራ ተገፎ ለጥቂት ጊዜ ካየ በኋላ እሱም ጨለመበት። በዚያው ዓመት ቤቱ በቃጠሎ ወደመ። በ1772 ገደማ ከበርኑሊ ቤተሰብ ለሆነ የሒሳብ ሊቅ በጻፈው ደብዳቤ ላይ 2³¹ − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። እርግጥ ከሱ በፊት ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን በርቢያቸው (ከ2 ትከሻ ላይ በሚጻፈው ቁጥር) ሲዘረዝር 31ን አካቶት ነበር፤ በዚህም የተነሳ የዚህ ቤተሰብ ቁጥሮች እስከ ዛሬ በመርሴን ስም ይጠራሉ። ዝርዝሩ ግን እንከን ነበረበት። 67ን እና 257ን ያለ ቦታቸው አስገባ፣ 61ን፣ 89ን እና 107ን ዘለላቸው። ስለዚህ መርሴን ብሏል ማለት ማስረጃ አይሆንም።

በጉልበት እንሞክረው ብንል ምን ያህል ሥራ ይሆናል? ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 2,147,483,647 የሚሰጡ ከሆነ ሁለቱም 46,341 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ 2,147,488,281 ሆኖ ያልፋልና። ስለዚህ አካፋይ ካለው ትንሹ እስከ 46,340 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ፍለጋችንም እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያ ወሰን ውስጥ 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በወረቀት አንዱን ለማካፈል አሥር ደቂቃ ቢፈጅ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው የመቶ ቀን ሥራ ነው። ከመቶ ቀን በኋላም 3,000ኛው ላይ አንዲት አሃዝ ተሳስቼ ይሆን የሚል ጥርጣሬ አይለቀውም።

ኦይለር ወደ ማካፈሉ አልሮጠም። አስቀድሞ የጠየቀው ይህን ነው፤ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ካለ ምን ዓይነት ቁጥር መሆን አለበት? ለኔ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ቀሪው ጭማሪ ነው። ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ካለ እስከሚቀጥሉት ጥቂት አንቀጾች መጨረሻ ብቻ ይታገሠኝ፤ ከእጥፍና ከመቀነስ የዘለለ ነገር የለበትም።

በትንሽ ቁጥር እንጀምር። 2¹¹ − 1 ማለት 2,047 ነው። እሱ ብቸኛ አይደለም፤ 23 በ89 ሲባዛ ይገኛል። 23ን እንያዝ። ከ1 ተነሱና እጥፍ እጥፍ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ 23ን ባለፈ ቁጥር 23 ቀንሱለት። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፤ ቀጥሎ 32 ስለሆነ 23 ተቀንሶ 9፤ ከዚያ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12። የ12 እጥፍ 24፣ 23 ሲቀነስለት 1። ከተነሳንበት ተመለስን። ዙሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች 11 ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ 23 ለ2¹¹ − 1 አካፋይ ነው ማለት 11 ጊዜ እጥፍ ስናደርግ ቀሪው ተመልሶ 1 ይሆናል ማለት ነው።

ከ1 እስከ 22 ካሉት ቁጥሮች እዚህ ዙር ውስጥ ያልገቡ አሉ፤ ለምሳሌ 5። ከ5 ተነስተን ያንኑ እናድርግ፦ 5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14፤ የ14 እጥፍ 28፣ 23 ሲቀነስ 5። ይህም 11 ቁጥር ይዞ ዘጋ። ሁለቱ ዙሮች የሚጋሩት ቁጥር የለም፣ ከሁለቱ ውጪ የቀረም የለም። 22ቱ ቁጥሮች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ተከፋፈሉ። ዙሩ ከ11 ሊያጥር ይችል ነበር ወይ? አይችልም። በ11 እርምጃ ወደ መነሻው የሚመልስ ዙር ርዝመቱ 11ን ማካፈል አለበት፤ 11 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ርዝመቱ 1 ወይም 11 ነው። ርዝመቱ 1 ነው ማለት ደግሞ ቁጥሩን እጥፍ ብናደርገው አይለወጥም ማለት ነው፤ ይህ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ እንዲህ ነው። የ2¹¹ − 1 አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር 1 ሲቀነስለት የ11 ብዜት ይሆናል። 23 ላይ 22፣ 89 ላይ 88። ፍጹም ልክ ነው። በ11 ቦታ 31ን ብንተካ አንዲት ቃል አይለወጥም፤ 31ም ብቸኛ ነውና። እንግዲህ 2,147,483,647ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ 1 ሲቀነስለት የ31 ብዜት መሆን ይገባዋል። አካፋዩ ጎዶሎ ቁጥር ስለሚሆን 1 ሲቀነስለት ተጋማሽ ይሆናል፤ ስለዚህ የ62 ብዜት ነው። 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያልን ልንሞክራቸው የነበሩት ሁሉ ሳይሞከሩ ወደቁ። የሚቀሩት 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311 እያሉ የሚሄዱት ናቸው፤ ከነሱም ብቸኛ የሆነው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ 311 ነው። እስከ 46,340 ድረስ እንዲህ ያሉት 747 ናቸው።

ሁለተኛው ወንፊት አጠር ይላል። 31 ጊዜ እጥፍ ስናደርግ ቀሪው 1 ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ጨምረን 32ኛው ላይ ቀሪው 2 ይሆናል። 2³² ደግሞ 65,536 በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪያችን፣ በራሱ የተባዛ አንድ ቁጥር ሲካፈልለት ቀሪ 2 የሚያስቀር ዓይነት መሆን አለበት። 7 እንዲህ ነው፤ 3 በ3 9 ሆኖ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል። 17ም እንዲሁ፣ በ36። 23ም፣ በ25። 3፣ 5፣ 11 እና 13 ግን እንዲህ አይደሉም፤ የፈለጋችሁትን ቁጥር በራሱ አባዝታችሁ ብታካፍሉላቸው ቀሪ 2 አታገኙም። ይህን ማድረግ የሚችሉት ከ2 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ለ8 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 7 የሚሆነው ብቻ ናቸው። የዚህ ማስረጃ እንደ ዙሩ በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሚያልቅ ስላልሆነ እንዳለ ተቀበሉኝ። ሁለቱ ሕጎች ሲጣመሩ ተጠርጣሪዎቹ በየ248 እርምጃው የሚገኙ ሁለት ረድፎች ብቻ ይሆናሉ፤ ከ1 የሚነሳውና ከ63 የሚነሳው። 1ን እና 63ን ራሳቸውን ካልቆጠርን 372 ቁጥሮች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ በ3፣ በ5፣ በ7 እና በመሳሰሉት የሚካፈሉትን ስንጥል ከመቶ በታች ይቀራሉ። የመቶ ቀኑ ሥራ የሁለት ቀን ገደማ ሆነ። ኦይለር እነዚያን ሞከረ፣ አንዱም አላካፈለውም። አለቀ።

ሳቢያን ሰፈር የማስጠናቸው ልጆች እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ "ቲቸር፣ ስልኬ በዓይን ጥቅሻ የሚሠራውን ምን አደከመው?" እውነት ነው፣ የዛሬ ስልክ 4,792ቱን ሙከራ ከመቅጽበት ይጨርሳል። ግን ቁጥሩ መቶ አሃዝ ሲሆን ስልክም ሆነ ሌላ ማሽን በጉልበት አይዘልቀውም። ያኔ የሚያድነው ኦይለር የጠየቀው ዓይነት ጥያቄ ነው።

ሌላም የሚጠየቅ አለ። የኮምፒውተሩ ጣሪያ ብቸኛ ቁጥር የሆነው ሆን ተብሎ ነው? አይደለም፤ ገጥሞ ነው። በ8 ቢት ጣሪያው 127 ነው፣ ብቸኛ። በ16 ቢት 32,767 ነው፣ ብቸኛ አይደለም፤ 7 × 31 × 151 ነው። በ32 ቢት ብቸኛ። በ64 ቢት 9,223,372,036,854,775,807 ነው፣ 7 ያካፍለዋል፣ 127ም ያካፍለዋል። ምስጢሩ ያለው ከምልክቱ ቢት በኋላ በሚቀረው ቁጥር ላይ ነው፤ 7፣ 15፣ 31፣ 63። ርቢው ራሱ የሚካፈል ከሆነ ውጤቱም ይካፈላል። 15 ማለት 3 × 5 ስለሆነ 2¹⁵ − 1ን 2³ − 1 (ማለትም 7) እና 2⁵ − 1 (ማለትም 31) ያካፍሉታል። 63 ደግሞ 7 × 9 ነው፣ ስለዚህ 2⁷ − 1 (ማለትም 127) ያካፍለዋል። 7 እና 31 ግን ብቸኛ ናቸው።

ርቢው ብቸኛ መሆኑ ብቻውንም አይበቃም፤ 2,047ን አይተናል። እስከ 31 ካሉት አሥራ አንድ ብቸኛ ርቢዎች 11፣ 23 እና 29 ይወድቃሉ፣ ስምንቱ ያልፋሉ። ስምንተኛው የኛው ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይሳሳል፤ ቀጣዩ 61 ላይ ነው፣ ከዚያ 89፣ 107፣ 127። መርሴን ያለ ቦታው ያስገባው 67 የወደቀበት ታሪክ ለብቻው ይተረካል። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል እ.ኤ.አ. በ1903 ጉባኤ ላይ ወጥቶ 2⁶⁷ − 1 የ193,707,721 እና የ761,838,257,287 ብዜት መሆኑን በሰሌዳ ላይ አሳየ፤ ሲያሰላ አንድ ቃል አልተናገረም ይባላል።

ወደ ኦይለሩ ቁጥር እንመለስ። በግሪኮች ዘመን ፍጹም የተባሉ ቁጥሮች አሉ፤ ከራሳቸው በቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን የሚሰጡ። 6 ማለት 1 + 2 + 3 ነው፤ 28 ማለት 1 + 2 + 4 + 7 + 14። እያንዳንዱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ 2³¹ − 1 በ2³⁰ ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል፣ ፍጹም ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ ከሱ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም የሚል አስተያየት ሰጠ። ምክንያቱ ይገርማል፤ አይቻልም አላለም፣ እነዚህ ቁጥሮች ለጉድ እንጂ ለጥቅም ስላልሆኑ የሚደክምላቸው ሰው አይኖርም ነው ያለው። ለኔ ባርሎ የሳተው ሁለቱንም ነው።

ጥቅሙን እናስቀድም። ካርታ የሚበውዝ ጌም ወይም ፈተና ላይ የጥያቄዎችን ቅደም ተከተል የሚያቀያይር ፕሮግራም ዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮች ያስፈልጉታል። ማሽን ደግሞ በራሱ ዘፈቀደ አያውቅም፤ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1988 ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዚህ እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ያቀረቡት ዘዴ እንዲህ ይላል። በ1 ጀምር፤ በ16,807 አባዛ፤ ለ2,147,483,647 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ ያንን ደግሞ በ16,807 አባዛ፤ እንዲህ ቀጥል። የሚወጣው 16,807፣ 282,475,249፣ 1,622,650,073፣ 984,943,658 እያለ ይሄዳል፤ ቀጣዩን በግምት የሚያውቅ የለም። 10,000ኛው ላይ 1,043,618,065 ይወጣል፤ ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡት በዚህ ነው።

ብቸኛነቱ እዚህ ላይ ለምን አስፈለገ? ቀደም ብለን ያየናቸው ዙሮች ናቸው ተመልሰው የመጡት። አካፋዩ እንደ 32,767 የሚካፈል ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጊዜ የ7 ብዜት ላይ የወደቀ ቁጥር ምንጊዜም ከ7 ብዜቶች አይወጣም። ብቸኛ ሲሆን ግን እንዲህ ያለ ወጥመድ የለውም። ማባዣው በደንብ ከተመረጠ አንዱ ዙር ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ፣ እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ ይዘጋል። 16,807 የተመረጠው ለዚህ ነው፤ 7 አምስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። 7 ራሷ ሙሉውን ዙር የምትዞር ቁጥር ናት። 2,147,483,646 ደግሞ ሲፈታ 2 × 3² × 7 × 11 × 31 × 151 × 331 ነው፤ 5 በውስጡ ስለሌለ አምስት አምስት እርምጃ እየዘለልን ብንሄድም ሳይነካ የሚቀር ቁጥር የለም። ከዝርዝሩ ውስጥ 31 መኖሩንም ልብ በሉልኝ፤ ቁጥሩ 1 ሲቀነስለት የ31 ብዜት መሆን አለበት ያልነውን ሕግ ራሱም ያከብራል።

ይህ ዘዴ ለጌም እንጂ ለምስጢር አይሆንም። አንዷን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዩን ሁሉ ያሰላል፤ የይለፍ ቃል በዚህ ማመንጨት ሞኝነት ነው። ለምስጢር የሚውሉት ብቸኛ ቁጥሮች እጅግ ይረዝማሉ። ዋትስአፕ መልእክታችንን ለመቆለፍ ከሚጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ የተመሠረተው 2²⁵⁵ − 19 በተባለ ባለ 77 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ላይ ነው። ይህም ከ2²⁵⁵ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም፤ እንዲህ ላለ ቁጥር ቀሪ ማውጣት ለማሽን ቀላል ነው። በኛ አቆጣጠር 99 ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። 123,456 ለ99 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው ቢሏችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ ቆርጣችሁ ደምሩ፤ 12 + 34 + 56 = 102፤ እንደገና 1 + 2 = 3። ቀሪው 3 ነው። ማሽኑም ለ2³¹ − 1 ሲያካፍል በ31 ቢት ቆርጦ ይደምራል እንጂ አያካፍልም።

ባርሎ ከሱ የሚበልጥ አይገኝም ያለውም አልሆነም። የኦይለር ቁጥር በትልቅነቱ ክብሩን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ በኋላ ግን ተበለጠ። እ.ኤ.አ. በ1867 ፈረንሳዊው ላንድሪ 3,203,431,780,337 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። በ1876 ሌላው ፈረንሳዊ ኤዱዋር ሉካስ ባለ 39 አሃዙን 2¹²⁷ − 1 አስረገጠ። ሉካስ ያመጣው ዘዴ አካፋይ መፈለግን ጭራሽ የሚያስቀር ነው፤ በኋላ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 አሳምሮታል። በ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለምትመረምሩት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፣ ድገሙ። ከርቢው ሁለት ያነሰ ያህል ጊዜ ስትደግሙ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ አይደለም። ለ127፣ ርቢው 7 ስለሆነ አምስት እርምጃ ነው፤ 4 ብለን ስንነሳ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ለ2,047 ዘጠኝ እርምጃ ሄደን 1,736 ላይ እንቀራለን፤ ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። የሚገርመው፣ 23 እና 89 የሚባሉ አካፋዮች እንዳሉት ሳናውቅ ነው ይህን ያወቅነው። ለ2,147,483,647 የሚያስፈልገው 29 እርምጃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሉክ ዱራንት በመላው ዓለም በተበተኑ ኮምፒውተሮች አግኝቶ በዚህ ዘዴ ማረጋገጫ የተሰጠው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1፣ 41,024,320 አሃዝ አለው።

አንድ ፈተና ቀርቶናል። 2,147,483,647 ብቸኛ ከሆነ እሱ ራሱ ርቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለትን ያን ያህል ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ። የሚወጣው ቁጥር 646,456,993 አሃዝ አለው። እስካሁን ከተገኘው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ብቸኛ ቢሆን ክብሩ የሱ በሆነ ነበር። አልሆነም። 295,257,526,626,031 ያካፍለዋል። ይህን አካፋይ በኦይለር ወንፊት አሳልፉት፤ 1 ስትቀንሱለት ልክ የ2,147,483,647 137,490 እጥፍ ነው፤ ለ8 ስታካፍሉት ቀሪው 7 ነው። ያንን ግዙፍ ቁጥር ማንም ጽፎ አላካፈለውም፤ ትክክለኛ መልክ ያላቸውን ተጠርጣሪዎች ብቻ እየለዩ፣ ዙሩ ይዘጋ እንደሆነ እየሞከሩ ነው የያዙት።

ተመሳሳይ ሰንሰለት ከ2 ብንጀምር የተሻለ ዕድል ይገጥመናል። 2² − 1 = 3፤ 2³ − 1 = 7፤ 2⁷ − 1 = 127፤ ቀጥሎ የሉካሱ 2¹²⁷ − 1። አራቱም ብቸኛ ናቸው። አምስተኛው፣ የሉካስን ቁጥር ርቢ ያደረገው፣ ብቸኛ ይሁን አይሁን በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። በአሃዝ ጽፎ ማስቀመጥ የሚችል ማሽን ስለሌለ የሉካስ ዘዴ አይሠራለትም። የቀረለት የኦይለር ዙር ብቻ ነው፤ እሱም አካፋይ ካለው ቢያንስ 39 አሃዝ ያለው መሆን አለበት ይላል። እስካሁን ከተሞከሩት ውስጥ ያካፈለው አልተገኘም።